ድምፅ የሌለው ካሴት

መስከረም 19

ለአክስቴ ልጅ፣ ለታናሽ እህቴ ለጉጉት፤

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ በጤና፣ በሰላም፣ በሞላ ቤት ታግኝሽ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እናትሽም ጉልበቷን እያማረረች፣ አፏን ግን ማንም ሳይችለው፣ ደህና ናት። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ "ልጄ፣ ይሄ እጅጌ ጠበበ፣ ልጄ፣ ይሄ ቁልፍ ጠመመ" እያለች ደንበኞቼን ታባርርልኛለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለቤቴ ለከንቲባነት ሊወዳደር ነው። አትሳቂ። ዕድሜውን ሙሉ በፋብሪካው ጀነሬተር ክፍል፣ ሰው ከሰው በማይደማመጥበት ጩኸት ውስጥ የኖረው ሰው፣ የሠራተኛ ማኅበሩን እንደመራህ ከተማውንም ምራ ቢሉት እሺ አለ። መፈክሩ "ሕዝብ የሚሰማ ከንቲባ" ነው። ፎቶው በየግድግዳው ተለጥፏል፤ እኔ በሰፋሁለት ግራጫ ኮት፣ አንገቱን ወደ አንድ በኩል ዘንበል አድርጎ፣ እውነትም የሰው ብሶት የሚያዳምጥ ይመስላል። እኔን ግን አይሰማኝም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ነው።

የምርጫ ሥራውን የያዘችለት አንዲት ሬዲዮ ላይ ዜና የምታነብ ሴት ናት። ስሟን መጥራት ስለማልፈልግ "ሬዲዮ" ነው የምላት። መኪና ውስጥ በግራው ናት፣ ስብሰባ ላይ በግራው ናት፣ መንገድ ላይ በግራው ናት። ሰው ሲያናግረው ጠጋ ትልና ጆሮው ሥር ሹክ ትለዋለች፤ እሱም ፈገግ ይላል። ለእኔ ፈገግ ካለልኝ ግን ዘመን አልፎታል።

ፎቶ አንሺያቸው ኮቱ ላይ ትንሽ ማይክ እየሰካ በየሄዱበት በቪዲዮ ቀርጿቸዋል። ካሴቶቹን በዚህች መንገደኛ እጅ ልኬልሻለሁ። ከምርጫው በፊት አደባባይ ላይ በትልቅ መጋረጃ የሚታይ አጭር ፊልም እንድትሠሪለት ይፈልጋል። "የቤታችን ልጅ ፊልም ቆራጭ ሆና ሳለ ለማን እሰጣለሁ?" ብሏል። የእሱ መልእክት ይኸው ነው። የእኔ ሌላ ነው፦ ያንቺ ዓይን ከልጅነትሽ ጀምሮ ምንም አያመልጠውም፤ ጉጉት ያልንሽም ለዚያ ነው። እስቲ ሁለቱን እያቸው። ያየሽውንም ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

እህትሽ መርፌ


ጥቅምት 10

ለእታለም መርፌ፤

ሰላምታዬ ከደጅሽ እስከ ጓዳሽ ይድረስልኝ። እጅሽን አይመምሽ፣ ክርሽ አይበጠስ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ካሴቶቹ በደህና ገብተዋል።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ አታውቂም እንጂ፣ ብትጠይቂኝ እንዲህ እልሽ ነበር፦ ቀኔ የሚያልፈው መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ስክሪን ፊት፣ የተቀረጸ ምስል ስቆርጥና ስቀጥል ነው። አሁን የምቆርጠው ድራማ፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ ለምርጫ ስለሚወዳደር ሰው ነው። ሰውየው ውሽማ አለው፤ ይታወቅበታል፤ ይዋረዳል። አዘጋጁ "ተመልካቹ ከሚስቱ ቀድሞ ይወቅ!" እያለ ደሜን ያፈላዋል። ሴትየዋ ታያለች፣ ቁረጭ። እሱ ያያል፣ ቁረጭ። እጅ፣ ቁረጭ። ፈገግታ። ይህንኑ ስሠራ ከርሜ አሁን ሰው ለሰው ሻይ ሲያቀብል ባይ እንኳን ነገር ያለው ይመስለኛል።

የእናንተን የማየው በምሳ ሰዓት፣ ዳቦዬን እየበላሁ ነው። ጋሼ ሸብቷል! ኮቱ ግን እንዴት ያምራል፤ ያ የትከሻ ስፌት ካንቺ እጅ በቀር ከማንም አይወጣም። ሬዲዮሽንም አየኋት። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽሽም። ድምፅዋማ ያስቀናል፤ ሹክ ስትል እንኳን አንዲት ፊደል አትወድቅባትም። ስለ ሌላው ገና እያየሁ ነው፤ አትቸኩይ።

አሠራሬን ከወዲሁ እወቂው፦ እኔ ስቆርጥ ድምፁን ዘግቼ መጀመሪያ ምስሉን ብቻ ነው የምቀጥለው። ምስሉ ብቻውን ከቆመ ነው ድምፅ የሚገባበት። ስለዚህ ቀድሞ የሚደርስሽ ቅጂ ድምፅ አይኖረውም።

እማዬ ስለ እኔ ትጠይቃለች? ባለፈው ዓመትም ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። አንቺን "ልጄ" እንደምትልሽ ግን ሳትረሺ ጻፍሽልኝ።

ጉጉት


ኅዳር 2

ለጉጉት፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እኔ ራሴ ስላልሰነበትኩ ቃሉ ከእጄ አልወጣ አለ። ጤና ይስጥሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ።

እርር ድብን እያልኩ ነው። ልንገርሽና ፍረጂ። ምሳ ስንበላ ወንበራችን የታወቀ ነበር፤ እኔ በግራው፣ እናትሽ ፊት ለፊት፣ በቀኙ ግድግዳ። ባለፈው ሬዲዮ ወረቀቷን ታቅፋ መጣችና ምሳ ላይ ደረሰች። "አንቺ ወዲህ ሁኚ" ብሎ እኔን ወደ ቀኙ፣ ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ወንበር ላይ ልኮ የእኔን ቦታ ለእሷ ሰጣት። በገዛ ቤቴ! እናትሽ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። ምሳው እስኪያልቅ ሳወራው አንዴም አልዞረልኝም። እሷ በሹክሹክታ የምትለውን ግን አንዱንም አይስትም።

ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ይከፍተዋል፤ እንዳላወራው ነው። ሲተኛ በግራ ጎኑ ነው፤ ጠርቼው ጠርቼው ይደክመኛል።

ትናንት ደግሞ አዲስ ኮት ልሰፋለት ከኋላው ቆሜ ትከሻውን ስለካ ድፍረት መጣልኝ። ሜትሩን ከትከሻው ሳላነሣ "ትወዳታለህ?" አልኩት። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም፣ እንደ ሰው ነው የጠየቅሁት። ጠበቅሁ። ጀርባው አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ "ጨረስሽ?" አለኝ። ጉጉቴ፣ ቢቆጣኝ፣ ቢስቅብኝ፣ "አዎ" እንኳን ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሜትሩን ጠቅልዬ ወጣሁ፤ የትከሻውን ልክ እንኳን ሳልይዝ።

ፊልሙ ይቆይ። እኔ የምፈልገው ያየሽውን ነው። ነገር አላቸው ወይስ የላቸውም?

መርፌ


ኅዳር 16

ለጉጉት፤

ደህና ነሽ ወይ? ዝም ስትይኝ ምን ልበል? እኔ ያለሁበት ቤት ዝምታ ሞልቶ ተርፎታል፤ አንቺ ደግሞ አትጨምሪበት። መጥፎ ነገር አይተሽ ከሆነ አትዘኚልኝ፣ ላኪው። የምርጫው ቀን እየደረሰ ነው። እሱ ስለ ፊልሙ ይጠይቀኛል፣ እኔ ስለ አንቺ ፖስታ ቤቱን እጠይቃለሁ።

መርፌ


ኅዳር 24

ለእታለም መርፌ፤

ቤትሽን ይጠብቅልሽ። የዘገየሁት አዘጋጁ የድራማውን መጨረሻ ደጋግሞ ስላስቀየረኝ ነው። አሁን ውሽማዋ ማልቀስ አለባት ይላል፤ ትናንት መሳቅ ነበረባት።

ከዚህ ጋር ያለው ካሴት የፊልማችሁ የመጀመሪያ ቅጂ ነው። እንደነገርኩሽ ድምፅ የለውም። ያየሁትን ንገሪኝ ብለሽ ነበር፤ በሰው ትዳር ላይ ምስክር መሆን አይሆንልኝም። እዪውና አንቺው ፍረጂ። ለብቻሽ እዪው። ለአደባባይ የሚሆነው ድምፅ ያለው ኋላ ይመጣል።

እማዬን ሳሚልኝ። ስለ እሷ የጠየቅሁሽን አሁንም አልመለስሽልኝም።

ጉጉት


ታኅሣሥ 14

ለጉጉት፤

ለጤናሽ እጸልያለሁ። ለእኔ ማንም አይጸልይልኝ፤ ያደረግሁትን ስትሰሚ አንቺም እጅሽን ትሰበስቢያለሽ።

ካሴቱን ሱቄን ዘግቼ አየሁት። ወደ ጆሮው ትጠጋለች። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። እጇ ትከሻው ላይ ያርፋል፤ እኔ በሰፋሁት ስፌት ላይ፣ ሁለት ጣቷ ጫን ሲል ይታያል። እሱ ፈገግ ይላል። ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰፈር፣ ያው ጆሮ፣ ያው እጅ፣ ያው ፈገግታ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ የሠርጋችን ፎቶ ላይ ያለችው ናት። እንደገና አጠንጥኜ አየሁት። እንደገና።

ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም። አንድ ሰው "ልክ ነሽ" እንዲለኝ ፈለግሁ። ጎረቤቴን ጸጉር ሠሪዋን ጠራኋት፤ አብረን አየነው፤ አቅፋኝ አለቀሰች። "ባልሽ እንዳያገኘው እኔ ዘንድ ይቀመጥ" አለችኝ። ምን ቆርጦኝ ሰጠኋት? ግን ሰጠኋት፣ በዚህ በእጄ። እውነቱን ከፈለግሽ፣ የት እንደሚደርስ ያላወቀው ግማሹ ልቤ ብቻ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላው፣ የእሱ ፊልም ሊታይበት በተወጠረው መጋረጃ ላይ የተቀናቃኙ የባለ ወፍጮው ሰዎች አሳዩት። ድምፅ ስላልነበረው የፍቅር ዘፈን ለቀቁበት። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ጨርቅ የምገዛበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሴቶቹ እየዞሩ "አይዞሽ" አሉኝ፤ ደስ አለኝ። አዎ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ እሱን አየሁት። መጋረጃው ወደሱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እሱ መድረኩ ጎን ቆሞ፣ ሰው ለምን እንደሚስቅ ግራ ገብቶት አንዱን ፊት ከአንዱ ፊት ያያል። ዘፈኑ ጆሮ ይበሳል፤ እሱ ግን የሚሰማ አይመስልም። ሬዲዮ ሮጣ ሄዳ ጆሮው ሥር አንድ ነገር ስትለው ሕዝቡ ይብስ አውካካ።

በማግስቱ ከውድድሩ ወጥቻለሁ ብሎ አንድ መስመር ጻፈ፤ አለቀ። እሷንም ጣቢያው አሰናበታት። በየግድግዳው ያለው ፎቶው ላይ የከንፈር ቀለም ስለውበታል። ቤት ውስጥ አልካደም፣ አላመነም፣ አልተቆጣኝም። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ አጥር ይጠግናል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ድምፁን ላኪልኝ። ምን እንደምትለው በጆሮዬ ልስማው። "የኔ ፍቅር" ስትለው ልስማና ይውጣልኝ።

መርፌ


ጥር 2

ለእታለም፤

ብርታቱን ይስጥሽ። ድምፁ ያለበትን ልኬልሻለሁ። ምንም አልቆረጥኩበትም፣ እንደተቀረጸ ነው። ተቀምጠሽ ስሚው። ጸጉር ሠሪዋን አትጥሪ። ሌላ የምለው የለኝም። ማለት አለኝ፤ ግን መጀመሪያ ስሚው።

ጉጉት


ጥር 21

ለጉጉት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የቀረውን ምርቃት መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ካገኘሽ።

ካሴቱን ከፈትኩት። ጥርሴን ነክሼ "የኔ ፍቅር"ን እጠብቃለሁ። አንዲት አሮጊት ከሰው መሃል ሲናገሩ ይሰማል። ሬዲዮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች፤ እኔም ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አልኩ። "ስለ ፍሳሽ ቦዩ ነው የጠየቁህ" አለችው። "ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ቤታቸው ይገባል። 'እናቴ' በላቸው።" ዓይኑን የሚጨፍነው ለመስማት ነበር። መመለስ ሲጀምር ድምፁ እየጮኸ መጣ፤ እጇ ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሁለት ጣቷ ጫን አለ፣ ድምፁ ዝቅ አለ። ሁሉም ቦታ እንዲሁ ነው፤ በጮኸ ቁጥር ትጫነዋለች። ከዚያ "አሁን እያጨበጨቡ ነው፣ ፈገግ በል" አለችው። ፈገግ አለ። የሠርጌ ፈገግታ ያልኳት በትእዛዝ የመጣች ነበረች።

ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ የአጥሩን ሚስማር ይመታል። በቀኙ በኩል ቆሜ "ቤቱ እየተቃጠለ ነው" አልኩ። ሚስማሩን መምታቱን ቀጠለ። ዞሬ በግራው ሄድኩና ጆሮው ሥር "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

"የቀኙ ከጠፋ ቆይቷል" አለኝ። "ጀነሬተሩ በላው። የግራውም እየሄደ ነው።"

"ለእሷ ነግረህ ለእኔ ትደብቃለህ?"

"አልነገርኳትም፣ አወቀችብኝ። እናቷ አይሰሙም፤ በቤቷ የለመደችው ነው። ገና የመጀመሪያ ቀን ሳታሳጣኝ መጥታ በግራዬ ቆመች።"

"እኔስ? እኔ ምንህ ነኝ?"

"አንቺ ካወቅሽ ታዝኚልኛለሽ" አለኝ። "ውጭ የፈለገ ይዘንልኝ። ቤቴ ገብቼ ግን የሚታዘንለት ሰው መሆን አቃተኝ።"

"ታዲያ አደባባይ ላይ ያን ሁሉ ሲሉህ ለምን አልተናገርክም? አንድ ቃል እኮ ነው!"

"'ሕዝብ የሚሰማ' ብዬ ከተማውን በፎቶዬ አልብሼ፣ ደንቆሮ ነኝ ልበል? ሴት ይወዳል ይበሉኝ።"

እውነቱንም ነው። ወንዶቹ መንገድ ላይ ትከሻውን መታ እያደረጉ "አንተ ሰውዬ!" ይሉታል፤ እሱም ባይሰማቸውም ይስቃል። የእሷን ትከሻ ግን ማንም መታ አያደርግላትም።

ቤቷ ሄድኩ። በር ላይ አቁማ አናገረችኝ። "ራሴን ለማዳን አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ቃሉ ግን የእሱ ነው" አለችኝ። ሥራዋ ሄዶ፣ ስሟ ጠፍቶ፣ የእኔን ባል ምስጢር ጠብቃ ቆማለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ግን ልንገርሽ ጉጉት፣ ቅናቱ አልለቀቀኝም፣ ባሰበት እንጂ። ባሌን ብትወስደው ይሻለኝ ነበር። የአንገቱን ልክ፣ የወገቡን ልክ በቃሌ የማውቀው እኔ፣ አብሬው የምተኛው እኔ ሳላውቅ እሷ በአንድ ቀን አወቀችው። ይህን በምን ሆዴ ልቻለው?

አሁን ወዳንቺ። የጥቅምቱን ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩት። "ሹክ ስትል እንኳን አንዲት ፊደል አትወድቅባትም" ብለሽኛል። ድምፁን ዘግተሽ የምትሠሪ ከሆነ ሹክሹክታዋን በምን ሰማሽው? ሰምተሻል። ያኔ ገና ጥቅምት ነው፤ ምርጫ የለ፣ መጋረጃ የለ፣ ጸጉር ሠሪ የለ። ምን እንደምትለው እያወቅሽ ድምፁን ዘግተሽ ላክሽልኝ።

ለምን?

መርፌ


የካቲት 11

ለእታለም መርፌ፤

ምርቃት ለመላክ አፍ የለኝም። በቀጥታ ልመልስልሽ።

አዎ፣ ሰምቼዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ነው የሰማሁት። ከመቁረጤ በፊት ያለውን ሁሉ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ፤ ከዚያ ነው ድምፁን የምዘጋው። ስለ ቦዩ፣ ስለ ጭብጨባው፣ ሁሉንም። "ጋሼ ጆሮው ታመመ ማለት ነው" ብዬ አዘንኩ፤ ቤት ውስጥ የምታውቁት መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የቆረጥኩት በእጄ ልማድ ነው። ታያለች፣ ያያል፣ እጅ፣ ፈገግታ። ጨርሼ ሳየው የአዘጋጁ ድራማ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ማፍረስ ነበረብኝ። ላፈርሰውም ነበር። ያንጊዜ የወንበሩና የሜትሩ ደብዳቤ ደረሰኝ። "ትወዳታለህ?" ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ ወዲያው ገባኝ፤ ከኋላው ሆነሽ ነው፣ አልሰማሽም! ሳቄ መጣ፣ ዕንባዬም መጣ። እስክሪብቶ አነሣሁ። አንድ መስመር ብጽፍልሽ ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር።

አልጻፍኩም። ቀናሁ። በጋሼ እንዳይመስልሽ፤ ጋሼ ለእኔ ወንድሜ ነው። በቅናትሽ ነው የቀናሁት። ገጹን ሙሉ ወንበሬን ወሰደችብኝ ትያለሽ፤ የሚወሰድ ወንበር አለሽ ማለት ነው። እኔ በምበላበት ጠረጴዛ አንድ ወንበር ነው ያለው፤ ማንም አይመኘውም። ጀርባውን ሰጠኝ ትያለሽ፤ የምትለኪው ጀርባ አለሽ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ የምታየው አንቺን ነው። እኔን ትጠይቃለች ወይ ያልኩሽን ግን ዘለልሽው፣ እንደገናም ዘለልሽው። "እስቲ ትንሽ ትቃጠል" አልኩ። ትንሽ። ለብቻሽ አይተሽ፣ አንድ ሳምንት ተብሰልስለሽ፣ ድምፁ ሲመጣ ስቀን የሚያልፍ መሰለኝ። ለብቻሽ እዪው ያልኩሽ ለዚያ ነው። አደባባይ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ማሰብ ግን ነበረብኝ፤ ሥራዬ ሰው ምን እንደሚያይ ማወቅ ነው።

ድራማው አለቀ። አዘጋጁ "የሚስትየዋን ዓይን እንዲህ ማድረግ ከየት አመጣሽው?" ብሎ አመሰገነኝ። ከእህቴ ደብዳቤ ነው አላልኩትም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅርታው ለጋሼና ለዚያች ሴት የሚገባ ነው። ብትፈልጊ ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው።

ጉጉት


የካቲት 29

ለጉጉት፤

የዘገየሁት ተናድጄ ነው። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ስለዚህ ምርቃቱን ዝለዪው።

ደብዳቤሽን አነበብኩለት። በግራው ተቀምጬ፣ ፊቴን ሰጥቼው፣ ቀስ ብዬ። መጮህ እንደማያስፈልግ ሬዲዮ ናት ያስተማረችኝ፤ ቤት መጥታ፣ እኔው ለምኛት። ወንበሬን ግን አልለቀቅሁላትም፤ ቆማ ነው ያስተማረችኝ። "በቅናትሽ ቀናሁ" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀብሽ። ከዚያ ኮቱን አምጪልኝ አለኝ።

እሑድ በማኅበሩ አዳራሽ ሰው ሰብስቦ ቆመ። "እኔ አልሰማም" አላቸው። "ይህች ሴት ጆሮዬ ነበረች። ሌላ ምንም አልነበረችም። ስሟን መልሱላት።" ሬዲዮ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። አንዱ ከጥግ ሲስቅ ተሰማ፣ ሌላው ዝም በል አለው። እሱ ወደ እኔ ዞሮ "ምን አሉ?" አለኝ። "እያጨበጨቡ ነው፣ ፈገግ በል" አልኩት። አላጨበጨቡም ነበር።

ማታውን አልተወኝም። "ልጅቷ የጠየቀችሽን ለምን አልመለስሽላትም?" አለኝ። "ምኑን?" አልኩት፣ ያልገባኝ መስዬ። "ስለ እናቷ" አለ። ስንት ዘመን ስጮህበት ያልሰማኝ ሰው፣ ይህችን ሰማት።

ምን ልበልሽ። ትጠይቃለች። ሱቁን ስከፍት የመጀመሪያ ቃሏ "ልጄ ጻፈች?" ነው። ደብዳቤሽ ጡቴ ሥር ሆኖ "አልጻፈችም" ያልኳት ቀን አለ። እኔን "ልጄ" እንደምትለኝ ጽፌልሻለሁ፤ ደንበኛውንም፣ የውኃ ቆጣሪ የሚያነበውንም "ልጄ" እንደምትል ግን አልጻፍኩልሽም። ልታሳድገኝ ከወሰደችኝ ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል ብቻዬን ልይዛት ስታገል ኖርኩ። አንቺ የእሱን ድምፅ ከፊልሙ አወጣሽብኝ፣ እኔ የእሷን ከደብዳቤው። ማናችን እንደምንብስ ሌላ ሰው ይፍረድ።

ከዚህ ጋር ካሴት አለ። ምስል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ቴፑን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጬ እናትሽ ሳታውቅ የቀዳኋት ነው። የመኪናው ጩኸት ይበዛበታል፤ አንቺ ለይተሽ መስማት አታጪም። ምንም እንዳትቆርጪበት።

ባለቤቴ "ትምጣ በያት" ይላል። እኔ ይቅር አላልኩሽም። ግን ምሳ ላይ በቀኙ፣ ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ወንበር ባዶ ነው። እዚያ ተቀምጠሽ የምታወሪውን እሱ አይሰማሽም። እናትሽ ግን ፊት ለፊት ናት።

መርፌ